ጋሽ ኡበይድ፣ የቡችሎቹ እንግዳ

በየሰፈሩ አንድ ሁሉን አዋቂ ሽማግሌ አይጠፋም። ጉድጓድ ሲቆፈር ውሃው የት እንዳለ የሚናገር፣ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት አገላብጦ አይቶ «ይኼ ላንቺ አይሆንም» የሚል፣ ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ሂድ ሲሉት የሚቀመጥ። ሸዋ ሮቢት፣ ዙልፋ ተከራይታ በነበረችበት ሰፈር ይህ ሹመት የጋሽ ኡበይድ ነበር። ግቢው ዛሬ የብሎኬት መጋዘን ሆኗል፤ ያ በጋ ትዝ ሲላት ግን አሁንም ሆዷ ይባባል።

ዙልፋ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። ጀውሃ መንገድ ላይ እናታቸውን የጭነት መኪና የገጨባቸውን አምስት ቡችሎች ሰብስባ ጓሮዋ ውስጥ መጠለያ ሠራችላቸው። አከራይዋ «እስከ ወሩ መጨረሻ ካልወጡ አስፋልት ላይ ነው የምጥላቸው» አሏት። ቤት እንዲያገኙ ደግሞ ሰው መልመድ ነበረባቸው፤ ሰው ባየ ቁጥር የሚደበቅ ቡችላ ማን ይወስዳል?

ጋሽ ኡበይድ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ። «ውሻን ለኔ ተዪው!» አርባ ዓመት የሽንኩርት እርሻ የጠበቁ ሰው ናቸው፣ ማን ይከራከራቸዋል? «ቡችላ ሰው ካየ አለቀለት። ጨለማ ውስጥ ትዘጊበታለሽ። ሲወጣ ነብር ነው።»

«ነብር የሚፈልግ የለም ጋሼ። ልጅ የማይነክስ ነው የሚፈለገው።»

«ሱብሃነላህ! ሌባ ሲመጣ ሊስመው ነው?»

ጠዋት እሷ የቡችሎቹን ሣጥን ትገልጣለች፤ ከሰዓት እሳቸው በጆንያ ይሸፍኑታል። አንድ ሳምንት እንዲህ ተጓተቱ። በመጨረሻ ዘዴ መጣላት። ቡችሎቹ ዓይነት ዓይነቱን ሰው ማየት አለባቸውና ክቡርነታቸውን «እንግዳ» አድርጋ ሾመቻቸው። እሳቸው ሹመት ይጠላሉ? በቀን ሦስቴ በበሩ ይገባሉ፤ አንዴ ጠምጥመው፣ አንዴ ጃንጥላ ዘርግተው፣ አንዴ ጆንያ ተሸክመው። ሐሳባቸው ማስፈራራት ነው። ያስላሉ፣ መሬቱን በከዘራ ይመታሉ፣ «ሰው ማመን ቀብሮ ነው! ስሙ እናንተ!» እያሉ ይመክራሉ። ቡችሎቹ ግን ጃንጥላዋን ሲያዩ ጭራቸውን እየቆሉ ከኋላቸው ይሰለፋሉ። «አበላሸሻቸው» ይሏታል። በነጋታው ከወፍ ቀድመው በሩ ላይ ናቸው።

አራቱ ቤት አገኙ። ትንሿ ግን ከውሃው በርሜል ሥር አልወጣም አለች። መምህርት ቅድስት ልጆቿን ይዛ ሁለቴ መጥታ አየቻት። «እጅ ላይ ከመጣች ነገ እወስዳታለሁ፤ ካልሆነ ለልጆቼ እፈራለሁ» ብላ ሄደች። ነገ ደግሞ የወሩ መጨረሻ ነው። ዙልፋ ቡችላዋን ለመነቻት፣ አባበለቻት፣ አጠገቧ መሬት ላይ ተኛች። ወይ ፍንክች! አጥንት ልትገዛ ወደ ሥጋ ቤት ሄደች።

ስትመለስ ጋሽ ኡበይድ በርሜሉ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ጀርባቸውን ለቡችላዋ ሰጥተው፣ አንድ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው ቀስ ብለው ያወራሉ።

«መከታ ነበር የውሻዬ ስም። ጉድጓድ ውስጥ ዘግቼ ነው ያሳደግሁት። አሥራ ሁለት ዓመት እርሻውን አብሮኝ ጠበቀ። ሊሞት ሲል እየተሳበ ወደኔ መጣ፤ ሊነክሰኝ መስሎኝ ከዘራ አነሳሁበት። ወላሂ፣ ጀርባው ለስላሳ ይሁን ሻካራ እስከ ዛሬ አላውቅም።»

ዙልፋ አጥንቱን በቀስታ መሬት ላይ አስቀመጠች። ያን ሁሉ ቀን ስትጨቃጨቃቸው የከረመችውን ሰውዬ በዚያች ሰዓት እንደ አባቷ ወደደቻቸው።

ቡችላዋ አፍንጫዋን ብቅ አደረገች። እየተሳበች መጥታ እጃቸውን አሸተተች፤ ከዚያም ከመዳፋቸው እስከ አንጓቸው ትልሰው ጀመር። ጋሽ ኡበይድ አልሸሹም። ዞር ብለው ጀርባዋን በቀስታ ደባበሷት።

የአስር ሰላት አዛን ተሰማ። የውሻ ምራቅ የነካው እጅ ከሰላት በፊት ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱን በአፈር። ዙልፋ ጣሳውን አነሳች።

«ውሃና አፈር ላምጣልዎ ጋሼ?»

«አምጪ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከቡችላዋ ሳያነሱ። «ግን አትቸኩይ ልጄ። ነገ ትሄዳለች።»