ዝንብ የማያርፍበት ግቢ

ዝንብ የሚያመሰግን ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ እኔን እዩኝ። ልጆቼ ቤቴ ሲመጡ ፎጣ እያወናጨፉ ዝንብ ያባርራሉ፤ እኔ ደግሞ «ተዉዋት፣ ትረፍ፣ እሷም እንግዳ ናት» እላቸዋለሁ። እርስ በርስ ይተያዩና «እማማ አረጀች» ይባባላሉ። ማርጀቱንስ አርጅቻለሁ፣ አልካድኩም። ግን ነገሩ ከእርጅና የመጣ እንዳይመስላችሁ። ገና ጠጉሬ ጥቁር፣ ወገቤ ቀጥ ያለ ሳለ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ መርካቶ ጎጃም በረንዳ ቆሎ ስሸጥ ነው የጀመረኝ።

ደግሞ ስለ ደግ ነጋዴም ላወራላችሁ ነው የተነሳሁት። ነጋዴ ደግ ሲሆን እንዴት ደስ ይላል! ያበላል፣ ያለብሳል፣ ለቤተ ክርስቲያን ጥላ ይገዛል፤ ሰዉም «ዕድሜ ይስጥዎ» እያለ ጉልበት ይስማል። እኔም ስሜያለሁ። ብቻ ሰውየው በፊት ለፊት በር የሚሰጠውን ሁላችንም ተሰልፈን እናያለን፤ በጓሮ በር የሚወጣውን ግን ማን ቆሞ ያየዋል? እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ እንዲህ ያለውን ነገር የተማረ ቢናገረው ያምርበት ነበር። ግን ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሀብታም ሲመሰገን በሰማሁ ቁጥር ዓይኔ ወደ ጓሮው ይሄዳል። ምን ላድርግ!

ጋሼ ባንተይርጉ የቆዳ ነጋዴ ነበሩ። ከጎጃም በመኪና ተጭኖ የሚመጣውን የበግና የፍየል ሌጦ ይገዛሉ፣ መጋዘናቸው ውስጥ ይቆልሉታል፣ ብል እንዳይበላው ነጭ ዱቄት ያስነሰንሱበታል፣ ከዚያ ወደ ውጭ አገር ይልኩታል። እንግዲህ መርካቶን የምታውቁ አስቡት፤ የቆዳ መጋዘን! ሽታው ሰፈር ቢያስለቅቅ፣ ዝንቡ ሰማይ ቢሸፍን ማን ይደነቃል?

እዚያ ግቢ ግን ዝንብ አልነበረም። አንድም።

ጥንብ አንሳዎች ከላይ ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፣ አይወርዱም። ውሻ አጥሩ ጋ ሲደርስ ጭራውን እግሩ መሀል ሸጉጦ ወደ ማዶ ይሻገራል። ክረምት ገብቶ የድንጋይ ስንጥቅ እንኳ ሲያቆጠቁጥ፣ የእሳቸው ግቢ ውኃ የሚወርድበት መሬት እንደተላጨ ራስ ባዶውን ይቀራል። ሠራተኞቹ ጠዋት እህል ሳይቀምሱ ሲያልፉ ትንፋሻቸው ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል። መዳፋቸው ደግሞ እንደ ደረቀ ሌጦ ነበር፤ ገብስ የተሰገሰገበት የሚመስል፣ ሻካራ።

ይህንን ሁሉ አይተን ምን አልን? በረከት ነው አልን። ደግ ሰው ናቸው፣ ግቢያቸውን መልአክ ይጠብቀዋል አልን። እኔ ራሴ ብያለሁ።

በዓመት አንድ ጊዜ ጋሼ ባንተይርጉ ሚካኤልን ይዘክራሉ። ያን ቀን ድሃ ሁሉ ጠግቦ ይውላል። ሲመሽ ደግሞ የዱቄቱ ጣሳዎች፣ ባዷቸውን፣ ከነክዳናቸው ለችግረኛ ይታደላሉ። የመርካቶን ጠባይ ታውቃላችሁ፤ እዚህ ጣሳ አይሞትም። ዘይቱ ሲያልቅ ኩራዝ ይሆናል፣ ኩራዙ ሲቀደድ ማንቆርቆሪያ ይጠገንበታል፣ ማንቆርቆሪያው ሲያፈስ ምናለሽ ተራ ወስደው ቀጥቅጠው ምድጃ ያደርጉታል። እና አዲስ ጣሳ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ክዳኑ ግጥም የሚል፣ በነፃ! አንድ ዓመት ለእኔም ደረሰኝ። ልጄን ትርንጎን አዝዬ እልል እያልኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

ጣሳው ላይ የፈረንጅ ጽሕፈት አለ፤ እሱን ማን ያነበዋል። ከጽሕፈቱ በላይ ግን ሥዕል ነበረበት፤ የሰው ራስ ቅል፣ ከሥሩም የተጠላለፉ ሁለት አጥንቶች። አሁን ትስቁብኝ ይሆናል። እኛ እኮ ቤተ ክርስቲያን የስቅለቱን ሥዕል እያየን ያደግን ነን። ከመስቀሉ ግርጌ ምን አለ? የአባታችን የአዳም ራስ ቅል። በቃ! ጎረቤቴ እማማ ወለላ፣ በዕድሜም በጾምም ሁላችንን የሚበልጡት፣ ገና ሲያዩት ተንበርክከው ተሳለሙት። «ከኢየሩሳሌም የመጣ ነው» አሉ። ማን ይከራከራቸዋል? እኔም በየማለዳው ክዳኑን ከመክፈቴ በፊት ሥዕሉን እስም ነበር። በከንፈሬ።

ቆሎዬን እዚያ ውስጥ አደረግሁት። ነቀዝ አልገባም። ጉንዳን አልቀረበም። ድሮ ሌሊቱን ሙሉ ጣራ ሥር የምትሯሯጠው አይጥ ጠፋች። ደንበኞቼ «የብርቄ ቆሎ ይለያል» አሉ። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

መጀመሪያ የሞቱት ዶሮዎቼ ናቸው። የጣሳውን ትራፊ ያራገፍኩላቸው ጊዜ፣ ሦስቱም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ጎን ለጎን፣ እንደተቆጣ ልጅ ቁጭ ብለው ሞቱ። ዓይን ነው ተባለ። ቀጥሎ ትርንጎዬ ታመመች። የአራት ዓመት ልጅ ናት። ቆሎ ትወዳለች፤ እኔ ስዞር እሷ ከጣሳው ናት። ሆዷን ይቆርጣታል፣ ያስመልሳታል፣ ጠጉሯ በማበጠሪያ ይቀራል። አንድ ቀን አቅፌ ስስማት ትንፋሿ ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ። ቤቴ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት አልነበረም።

ከዚያ ጥፍሯን አየሁ። በእያንዳንዱ ጥፍሯ ላይ፣ በአሥሩም፣ አንድ አንድ ነጭ መስመር ተጋድሟል። ቀጥ ያለ። ክር ወስዶ ያሰመረው ሰው ያለ ይመስላል።

ጠበል ወሰድኳት። ሰባት ቀን ስንቀመጥ እዚያ የምናገኘውን ዳቦ በላች፣ ድና መሮጥ ጀመረች። አመስግኜ ቤቴ መለስኳት። አምስት ቀን ሳይሞላት ተመልሳ ወደቀች። «ቤትሽ ውስጥ የሆነ ነገር አለ፤ ልቀቂው» አሉኝ ጎረቤቶች። አመንኳቸው። ልጄን ታቅፌ ተቀምጬ ጆሮዬን ጣልኩ፤ ዝም ያለ ቤት ነው። ጥዝዝ የሚል የለም፣ የሚጭር የለም፣ የሚርመሰመስ የለም። ይህን ዝምታ የት ነው የማውቀው አልኩ። አወቅሁት። ቤቴ እንደ ጋሼ ባንተይርጉ ግቢ ዝም ብሏል።

በማግስቱ እትዬ ዘሀራ መጣች። የወሎ ሰው ናት፣ እስላም ናት፣ ከጀርባችን ጨርቅ ትሸጣለች። ለትርንጎ ወተት ይዛ ገባችና ዓይኗ ጣሳው ላይ ተተከለ።

«አንቺ ብርቄ፣ የሞተ ሰው ራስ እህልሽ ላይ ምን ያደርጋል?»

«አባታችን አዳም ነው እትዬ ዘሀራ። ከስቅለቱ ሥር ያለው።»

«አዳምማ የእኔም አባት ነው። ግን ወላሂ፣ የገዛ አባቱን ራስ ቅል እቃው ላይ ለጥፎ የሚበላ ሰው አይቼ አላውቅ!» ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቋረጠችና ቀረብ ብላ አየችው። «በእናንተ ሥዕል ላይ እንዲህ ለብቻው ነው?»

ትርንጎን ለእሷ ተውኩና የቆሎ ሰፌዴን እንዳነገትኩ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ስቅለቱ ፊት ቆምኩ። የአዳም ራስ ቅል አለ፣ እውነት ነው። ከላዩ ግን ጌታ አለ፣ እመቤቴ በቀኝ፣ ዮሐንስ በግራ፣ ደሙ ወደ ራስ ቅሉ እየወረደለት። ብቻውን አይደለም። ጣሳው ላይ ያለው ከላዩ ማንም የለም። ሞት ብቻውን። እኔም እሱን ነው ስስም የከረምኩት። ከንፈሬን በነጠላዬ ጠረግሁ፣ ጠረግሁ፣ እስኪደማ።

በቀጥታ ጋሼ ባንተይርጉ ዘንድ ገባሁ። ጋቢያቸውን ደርበው ማር የተበጠበጠበት ብርዝ እየጠጡ ነበር።

«ጋሼ፣ ያ ዱቄት ምንድን ነው?»

«የብል መድኃኒት ነዋ። ምነው?»

«ብል የሚገድል ነገር ልጅን ምን ያደርጋል?»

ብርሌያቸውን አስቀመጡ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ ጣሳ ነው የሰጠሁት። ባዶ ጣሳ። ውስጡ የምትጨምሪውን እኔ አላዘዝኩሽም።»

«ልጄ ልትሞትብኝ ነው ጋሼ።»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዱቄቱን የሚያመጣው ፈረንጅ ጣሳውን ቅበረው ብሎኝ ነበር» አሉ። «በጥልቁ ቆፍረህ ቅበረው አለኝ። ሳቅሁበት። መርካቶ ተቀምጦ ደህና ጣሳ የሚቀብር ማን አለ? ኃጢአት መሰለኝ። ለድሃ ይሁን አልኩ።» ከዚያ እንደ መናደድ አሉ። «ደግሞ ክፉ ቢሆን ለራሴ አደርገዋለሁ? የመጀመሪያውን ጣሳ ለቤቴ ነው ያስቀረሁት። ይኼ የምጠጣው ማር ከእሱ ነው የወጣው። እይ፣ ምን ሆንኩ?»

እጃቸውን ዘረጉልኝ። እኔ ጥፍራቸውን አየሁ። እሳቸው ደግሞ እኔ የማየውን አዩ። ቀስ ብለው እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ከአፋቸው የሚወጣው የነጭ ሽንኩርት ሽታ ብቻ በመካከላችን ነበር።

አሁን የምነግራችሁን ለልጆቼም ለረጅም ጊዜ አልነገርኩም። ከበራቸው እንደወጣሁ ደንበኛዬ ሳህሌ ተሸካሚው ኩንታሉን አውርዶ ላቡን ሲጠርግ አገኘሁት። «ብርቄዋ! መድኃኒቴ መጣች! በይ አንድ ስኒ፣ ጉልበቴ አልቋል» ብሎ መዳፉን ዘረጋ።

እጄ ብቻውን ወደ ስኒው ሄደ። ብቻውን! ስኒውን ሞላሁት። በልቤ ምን እያልኩ እንደሆነ ልንገራችሁ? ለትርንጎ የምገዛው ወተት አለ፣ የቤት ኪራይ አለ፣ ሳህሌ ደግሞ ትልቅ ሰው ነው፣ በአንድ ስኒ ምን ይሆናል። «እኔ ቆሎ ነው የሸጥኩት።» ይኸውላችሁ፣ በጋሼ ባንተይርጉ ድምፅ፣ በእኔ ሆድ ውስጥ።

«ምነው መዳፌን እንደ ጠንቋይ አፈጠጥሽበት? ሚስት ታየሽ እንዴ?» አለኝ እየሳቀ።

እጁን ሲገለብጠው ጥፍሮቹ ላይ ነጩ መስመር ነበር። እኔ ያሰመርኩት።

ሰፌዱን ገለበጥኩት። ቆሎው ቦዩ ውስጥ ተበተነ። ሰው ተሰበሰበ፣ «አበደች» አለ። እኔም ጮኼ ተናገርኩ፤ ጣሳውን፣ ልጄን፣ ዶሮዎቼን። ከእኔ ቆሎ የበላችሁ ጥፍራችሁን እዩ አልኩ። ሳህሌ «እና ሆዴን ሲቆርጠኝ የከረመው አንቺ ነሽ?» ብሎ መሳቅ ጀመረ፤ ጥፍሩን አየና መሀል ላይ አቆመ። የስንቱ እጅ በአንድ ጊዜ ወደ ብርሃን እንደተነሳ ብታዩ! ያ ሁሉ የመርካቶ ጫጫታ ጸጥ አለ። ወፍ እንኳ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ከእኔ ቆሎ የሚገዛ ጠፋ። አዲስ ገንቦ ገዛሁ፣ አልረዳኝም። የሰው ልብስ እያጠብኩ ኖርኩ። ትርንጎ ግን ዳነች፤ እሱ ይበቃኛል።

ቆሎውን በደፋሁ በሦስተኛው ቀን በሬ ተንኳኳ። ጋሼ ባንተይርጉ ናቸው። ከኋላቸው ሁለት አህያ፣ አንዱ አዲስ ገንቦ የጫነ፣ አንዱ ባዶ። «ቆሎሽን ደፋሽ አሉኝ» አሉኝ፣ ዓይኔን ሳያዩ። «ነይ፣ አብረሽኝ ዙሪ። እኔን ብቻዬን አያምኑኝም።»

ልክ ነበሩ። ቤት ለቤት እየዞሩ ገንቦ እየሰጡ ጣሳ ሲሰበስቡ፣ ሰዉ ምን አለ መሰላችሁ? «ሰጥቶ የሚጸጸት!» አለ። «የሚካኤልን ምጽዋት የሚለቅም!» አለ። ትናንት ጉልበታቸውን የሳሙት ዛሬ በር ዘጉባቸው። እኔ የትርንጎን እጅ እየያዝኩ በየደጁ ጥፍሯን አሳየሁ፤ እትዬ ዘሀራ ደግሞ ለማያምነው «አብሽር፣ እኔ ጨርቅ ሻጭ ነኝ፣ ገንቦ አልሸጥ፣ ምን ጥቅም አለኝ!» እያለች ትሟገት ነበር። ጣሳዎቹን ጋሼ ባንተይርጉ ግቢያቸው ውስጥ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍረው ቀበሯቸው። ዱቄቱንም ተዉት፣ ቆዳውን በጨው ማድረቅ ጀመሩ። ገበያቸው ቀዘቀዘ፣ ሰውነታቸውም ከዚያ በፊት ተጎድቶ ነበርና ብዙ ሳይቆዩ አረፉ።

ለቅሷቸው ላይ ጥላው ተነሳ፣ ዝክሩ ተነሳ፣ ያበሉት ድሃ ሁሉ ተነሳ። ጣሳዎቹን መልሰው የለቀሙበትን ያነሳ አንድ ሰው አልነበረም። በሕይወታቸው ከሠሩት ሁሉ እሱ ነበር ትልቁ፤ እሱ ነው ያሳፈራቸውም።

የትርንጎ ነጭ መስመር በየሳምንቱ ወደ ጥፍሯ ጫፍ ከፍ አለ፣ ከፍ አለ፣ በመጨረሻ በመቀስ ቆረጥኩት። ያን ቀን ደጃፍ ተቀምጣ ዳቦ ስትበላ አንዲት ዝንብ መጥታ ጉንጯ ላይ አረፈች። አላባረርኳትም። አለቀስኩ።

አሁን «እሰይ፣ አለቀ» ብላችሁ ልትነሱ ነው። ቆዩ። እማማ ወለላ ጣሳቸውን አልሰጡም። «አዳምን አሳልፌ ለጉድጓድ አልሰጥም» ብለው አልጋቸው ሥር ደበቁት፤ ለምነን ለምነን አቃተን። ሲሞቱ የወንድማቸው ልጅ እቃቸውን ጠራርጎ ምናለሽ ተራ ሸጠው። ተከትዬ ሄድኩ፣ ዞርኩ፣ ጠየቅሁ። «እትዬ፣ ጣሳ እዚህ ገብቶ በመልኩ አይወጣም» አሉኝ። ማንቆርቆሪያ ሆኗል፣ ወይም ስኒ፣ ወይም የወጥ ክዳን። ሥዕሉም ተፍቋል።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ቤታችሁ ጠርታችሁኝ ማዕድ ስታቀርቡ ዙሪያዬን ስቃኝ ብታዩኝ አትቀየሙ። ዝንብ እየፈለግሁ ነው። ካለች፣ እበላለሁ።