አራተኛ ፎቅ ያልወጣው ጽዋ

እኛ ክርስቲያኖች ፍርሃታችንን ነጠላ ማልበስ እንችልበታለን። «ፈራሁ» የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? «ጊዜው አልደረሰም» እንላለን፤ «እግዚአብሔር ሲፈቅድ» እንላለን። እሱ ከፈቀደ ቆይቶ ይሆናል፤ እኛ ገና የጤፉን ዋጋ፣ የመብራቱን መጥፋት፣ የጎረቤቱን አፍ እያሰላን ነው። ሠለስቱ ደቂቅ ከሚነድ እሳት እንዴት እንደወጡ ስናወጋ አምሽተን፣ ቤታችን ስንገባ ድፎው ከሥሩ ያርርብን ይሆን ብለን እንቅልፍ እናጣለን።

ይህን ያነሣሁት በጋሽ ወርቁ ምክንያት ነው።

ጋሽ ወርቁ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ እኔ ባለሁበት ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ስቱዲዮ ውስጥ ከባለቤታቸው ከእትዬ አስካለ ጋር ይኖሩ የነበሩ ጡረተኛ ናቸው። የገብርኤል ማኅበር አብረን እንጠጣለን። በየወሩ በአሥራ ዘጠኝ ከአንዳችን ቤት እንሰበሰባለን፤ ተበልቶ፣ ተጠጥቶ፣ ተጸልዮ ሲያበቃ የሚቀጥለው ተረኛ ጽዋውን ተረክቦ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ጋሽ ወርቁ የሁላችንንም ቤት ቀምሰዋል፣ መርቀዋል። የእሳቸው ተራ ሲደርስ ግን «ዘንድሮ ይለፈኝ» ይላሉ። ከርሞም ያው ነው።

ንፉግ እንዳይመስሏችሁ። እጃቸው ለሰው የተዘረጋ ነው። ፍርሃት ነው እንጂ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሰው የት ይቀመጣል? የማኅበሩ ቄስ ጉልበት ደረጃውን ይችላል? ውኃ የማይመጣበት ቀን ቢሆንስ? ከሥር ያሉት እትዬ ዘይነባ ወንበር ሲጎተትባቸው ቢቆጡስ? አንድ ጊዜ ቄሱ ሊያደፋፍሯቸው ቢሞክሩ፣ «አባ፣ ጌታም እኮ ይህች ጽዋ ትለፈኝ ብሏል» አሉና ቤቱን በሳቅ አናጉት። የዚያን ጸሎት ቀሪ ግማሽ ማናችንም አላነሣንም። እንዲያውም ይሉኝታ ይዞን «ተዉ፣ አታስጨንቋቸው» አልን። ደግ የሠራን መስሎን ነበር።

እትዬ አስካለ ብቻ አይስቁም ነበር። አንድ ቀን ከማኅበር ስንመለስ ደረጃው ላይ አረፍ ብለው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ከፍትፍቱ ፊቱ ሲባል አልሰማህም? እኔ እኮ ሌላ አላማረኝም። ጽዋው ወደ ቤቴ ሲመጣ በሬ ላይ ቆሜ እልል ብዬ ልቀበለው ነው» ሲሏቸው ሰምቻለሁ።

«ለከርሞ፣ አስኩ። ቤቱን ትንሽ ሰፋ እናደርገውና።»

ኮንዶሚኒየም እንዴት እንደሚሰፋ እሳቸው ያውቃሉ።

እትዬ አስካለ ለከርሞው አልደረሱም። ክረምቱ ሲገባ ታመሙ፤ ሕመሙም ብዙ አላቆያቸውም።

በሰልስቱ የእድሩ ድንኳን ከግቢው ሲነሣ ዝናቡ መጣና ማኅበርተኛው በሙሉ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣ። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? ውኃ አልነበረም፤ ጎረቤት በጄሪካን እየተሸከመ አወጣ። ቄሱ ጉልበታቸውን በእጃቸው እየደገፉ ወጡ። እትዬ ዘይነባ የገዛ ወንበሮቻቸውን ይዘው መጡ፤ እንዲያውም ሲጎትቱ ከሁሉ ይልቅ የጮኸው የእሳቸው ወንበር ነበር። አልጋው ላይ፣ ሳጥኑ ላይ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጥን። ጋሽ ወርቁ በሩ ጋ ቆመው ሁላችንንም በዓይናቸው አዳረሱን።

«አስኩ፣ ቤቱ በቃን እኮ» አሉ። «ሁሉም ገባ።»

ያን ጊዜ ሁሉ በቀልዳቸው መሳቃችን ያን ቀን አንገበገበኝ።

በሚቀጥለው አሥራ ዘጠኝ ማኅበሩ ሀና ማርያም አካባቢ ነበር። ጽዋው ሲነሣ ጋሽ ወርቁ ማንም ሳይጠይቃቸው ቆመው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ተራው የሌላ ሰው ነበር፤ ተረኛው ለቀቀላቸው። ሚኒባስ ተሳፍረን ሸኘናቸው፤ ረዳቱ እንኳ ጽዋውን ሲያይ ጩኸቱን ትቶ ጋቢና አስቀመጣቸው። ጀሞ ስንደርስ ደረጃውን እየዘመርን ወጣን። አራተኛ ፎቅ፣ በሩ ጋ ስንደርስ ዝማሬው ቆመ። አሁን ከውስጥ እልልታ መሰማት ነበረበት።

ጋሽ ወርቁ ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ ጽዋውን ለእኔ አስይዘው ከኪሳቸው ቁልፍ መፈለግ ጀመሩ።