ጎርፉ ቁሐር ደረሰ ወይ?

የአሮጌ ኮድ ጠባቂ የሚባል ፍጡር አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ወረታ ውስጥ አንድ አውቃለሁ፤ ራሴን።

ሟቹ አለቃዬ ጋሽ አየለ የፎገራን ጎርፍ የሚያሰላ ፕሮግራም ፎርትራን በሚባል ጥንታዊ የኮምፒውተር ቋንቋ ጽፈው ነበር። ዘንድሮ ኮዱን በራሱ ኮምፓይል አድርጎ፣ ማለት ማሽኑ በሚገባው ቋንቋ ተርጉሞ፣ የሚፈትሽ ሶፍትዌር ገባልን። ሁለቱን ለማስታረቅ ሳምንት ፈጀብኝ፤ ሽማግሌ ብልክ ይቀለኝ ነበር። ይኸው ታረቁ ስል ፍተሻው መሀል ላይ ቆመና በላቲን ፊደል በተጻፈ አማርኛ ጠየቀኝ፦ «ጎርፉ ቁሐር ደረሰ ወይ? አይተህ መልስ።»

ጥያቄዋን ኮዱ ውስጥ የጻፏት ጋሽ አየለ ናቸው፤ ስሌት ብቻውን አያሳምናቸውም ነበር። እዚህች መስመር ላይ ሲደርሱ ጃንጥላቸውን አንስተው፣ እኔን አስከትለው ወደ ቁሐር ሚካኤል መንደር ይወርዳሉ፤ የሩዙ ማሳ ዳር ቆመው ገበሬዎቹን ይጠይቃሉ።

እኔስ ምን ላድርግ? ወረድሁ። ሶፍትዌሩ በቀን ሦስት ጊዜ ይፈትሻል፤ ሦስት ጊዜ ጭቃ አቦካሁ። ገበሬዎቹ «ደግሞ መጡ?» እያሉ በርጩማ አዘጋጁልኝ።

የሥራ ባልደረባዬ ሰዓዳ ታዘበችኝ። «ጋሼ፣ ኧረ ‹አልደረሰም› እያለ ራሱ ይመልስ!» አለችና ኮዱ ላይ አንዲት መስመር ጨመረች።

ዛሬ ማሽኑ ማንንም ሳይጠይቅ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰ። ሰዓዳ አጨበጨበች። ውጭ ይዘንባል። እኔ የጋሽ አየለን ጃንጥላ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። እንግዲህ ወደ ቁሐር ማን ይላከኝ?