ፓወር ሰፕላይ እንደ ቅቤ

ጌዶ ገበያ ላይ ቅቤውን በእንጨት ሳይወጉ የማይገዙ ሰው አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? የመሥሪያ ቤታችን ኦቦ ገመቹ እንዲያ ናቸው። ኮምፒውተራቸውን ሊያሻሽሉ ተነሡና አብሬያቸው በሄድኩበት የአምቦ ሱቅ ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠውን ሳጥን፣ ፓወር ሰፕላዩንም፣ ውስጡን ካላየሁ አሉ።

«ክብደቱን ይዩታ፤ ጥሩ ዕቃ ከባድ ነው» አላቸው ባለሱቁ።

«ቅቤም ውስጥ ድንጋይ ይከታሉ። ክፈተው።»

«ከተከፈተ ዋስትና የለውም።»

«ካልተከፈተ እኔም የለሁበትም።»

በሀፍረት ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። ለአንድ ቆርቆሮ ሳጥን ይህ ሁሉ ሙግት ምን ይባላል? በመጨረሻ ባለሱቁ ታከተውና ፈታው። ውስጡ ክብደት እንዲሰጥ የተለጠፈ የሲሚንቶ ጓል ተቀምጧል። ባለሱቁ ራሱ ደነገጠ።

ኦቦ ገመቹ ሌላ ሳጥን አነሡና «ይሄንንም ፍታው» አሉ።

እኔም ጠጋ ብዬ፣ ሲጨርሱ መፍቻውን እንዲያውሰኝ ባለሱቁን ለመንኩት። ባለፈው ሳምንት ክብደቱን አድንቄ የገዛሁት ያንኑ ዓይነት ነበር።