ብረቱ ይወርዳል የተባለ እሁድ

አልጋው በሩ ላይ ተሰነቀረ። ከነበሽተኛዋ ነው የምላችሁ። ፊት ያሉት ይጎትታሉ፣ ኋላ ያለነው እንገፋለን፣ መሐል ላይ ሚስቴ አየለች ጋቢዋን እስከ አገጯ ስባ ትታዘበናለች። በመጨረሻ መላ ያመጣችው እሷው ናት፤ ሰያፍ አድርጉት አለች። ሰያፍ ሲሆን ወጣ።

የምናወጣት ከሰማይ ብረት ሊወርድ ነው ስለተባለ ነው።

ቀልድ አይደለም። ያን ሰሞን ራዲዮው ሌላ ወሬ አልነበረውም። ፈረንጆች የሰደዱት ሳተላይት ሥራውን ጨርሶ፣ ጌታ እንደሌለው በቅሎ ምድርን ሲዞር ኖሮ፣ አሁን ሊወድቅ ነው፤ ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ባለው ይወርዳል፤ የት እንደሆነ ግን አይታወቅም ተባለ። ደርግ ከወደቀ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር፤ ከላይ ያለ ነገር ሲወድቅ ለእኛ አዲስ አይደለም። ግን የወደቀ ሁሉ የሚያርፈው በማን ላይ ነው?

ግቢያችን ውስጥ የሚከራይ የሳይንስ መምህር ነበር፤ ታደሰ ይባላል። እሱን ጠየቅኩት። መቼም እኔ ብዙ አልናገርም፤ የት ነው የሚወርደው፣ አልኩ። መልሱ ግን ራት እስኪቀርብ አላለቀም። ብረቱ አንድ ቅዳሴ ሳያልቅ ዓለምን ዞሮ ይመለሳል አለ። እዚያ ላይ ያለው አየር ስስ ቢሆንም ይጎትተዋል፤ ፀሐይ ስትበረታ አየሩ ያብጥና ይብስበታል፤ ብረቱም እየተገለባበጠ ስለሚሄድ አንዴ በሆዱ አንዴ በጎኑ ይመታል። ስለዚህ አዋቂዎቹ በሰዓት ጥቂት ከሳቱ በአገር ይስታሉ፤ ጎፋ ያሉት ብራዚል ይሆናል። ገባኝ። ላፍቶ እርሻ በነበረ ጊዜ አውድማ ላይ ስናዘራ ኖረናል። ገለባው እንደሚወርድ እናውቃለን፤ በማን ዓይን ውስጥ እንደሚገባ የሚያውቀው ነፋሱ ነው።

አየለች አልጋዋ ላይ ሆና ስታዳምጥ ኖሯል። የኔም ሐኪም እንዲሁ ነው ያለው፣ አለች። እውነቷን ነው። ሐኪሙ እኔን ኮሪደር ላይ ነጥሎ፣ አይቀርላትም፣ ቀኑን ግን አናውቅም፣ ወደ ቤት ውሰዳት ብሎኝ ነበር። ደብቄያት ነበር የከረምኩት። በሹክሹክታ የተነገረ ነገር የበሽተኛ ጆሮ ሳይደርስ ቀርቶ ያውቃል?

የእድራችን ዳኛ አቶ ደምሴ ግን ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ካልታወቀ ነገር ጋር አይደራደሩም። የሦስቱን ቀን መሐል ይዘው፣ እሁድ ማንም ከጣሪያ ሥር እንዳይውል ብለው አዘዙ። ሜዳ ላይ ከሆንን ሲመጣ አይተን ዘወር እንላለን። ቤቱ ውስጥ ተኝቶ የተመታን ሰው እድሩ አይቀብርም አሉ። ሰፈሩን ሁሉ ያስወጣው ይህች የመጨረሻዋ ናት። እኛን ከመሞት ይልቅ የሚያስፈራን ያለ ቀባሪ መቅረት አይደል?

እኔ አየለችን ላስቀራት ነበር። የፈራሁት ብረቱን አይደለም። አልጋው ከወጣ በኋላ ተመልሶ የሚገባው ባዶውን እንዳይሆን ነው። እሷ ግን ከተኛሁ ወዲህ ሰማይ አላየሁም ብላ ድርቅ አለች።

እናም እሁድ ማለዳ ሰዉን ለማሰባሰብ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። በሽተኛዋን ፀሐይ እንዳይመታት ተብሎ የእድሩ ድንኳን ከደጃችን ፊት ለፊት ሜዳው ላይ ተተከለ። ሰማይ ቀዶ ከሚመጣ ብረት በሸራ መከለል! ያውም ሰማይ ልታይ የወጣችውን ሴት። አንዱን ጎን ገልጠን አሳየናት።

እንግዲህ አስቡት። የምትጣጣር ሴት፣ የማለዳ ጥሩምባ፣ ደጃፍ ላይ ድንኳን። ወሬው ታክሲ ተሳፍሮ መካኒሳ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ቀትር ሳይሆን የአየለች ታናሽ እህት በላይነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ንፍሮ የተሸከሙ ጎረቤቶቿን አስከትላ፣ ዓይኗን ጨፍና ደረቷን እየደቃች ገባች። እናት የሞተችብኝ ዛሬ ነው አለች። ቁራሿን ለሁለት ከፍለሽ ትልቁን የሰጠሽኝ፣ በጀርባሽ ያሳደግሽኝ፣ ምነው ሳትሰናበቺኝ አለች። የእኛም ሰዎች ልማድ ሆኖባቸው ተነሥተው አንገታቸውን ደፉ። አቶ ደምሴ እንባቸውን ጠረጉ። ልቅሶ መሐል ገብቶ አልሞተችም የሚል ደፋር ከየት ይምጣ? እኔ አፌን ስከፍት አየለች እጄን ያዘችኝ።

«ተዋት፣ ትጨርስ» አለችኝ።

ጨረሰች። ዓይኗን ስትገልጥ ከሟች ጋር ተፋጠጠች፤ ያኔ ወደቀች። ውሃ ተረጨባት። ሳቁና ለቅሶው ተደባለቀ፤ ንፍሮውም መጥቶ አይመለስም ተባለና ታደለ።

ከሰዓት በኋላ ራዲዮው ብረቱ ከትልቁ ባሕር ገባ፣ የተጎዳም የለም አለ። አቶ ደምሴ ራሳቸው አዘው ያወረዱት ያህል ኮሩ። ሰው ወደየቤቱ ገባ። አልጋውን ሊያነሡ የመጡትን አየለች ትንሽ ልይ ብላ መለሰቻቸው። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሰማዩን ብዙ አየችው። ከዚያ በዓይኗ እህቷን ፈለገቻት፤ በላይነሽ ሜዳው ዳር የንፍሮውን ሳህን እየሰበሰበች ነበር። አየለች ወደ እኔ ዞራ ተናገረችኝ፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣትም።

«ዛሬ ጥሩ አልቅሳልኛለች። ነገ ከዚህ ካሳነሰች ግን፣ ታዝባሻለች በልልኝ።»