የእስረኛው ሰንጢ የሥራ ዘመን

የእኛ ጣቢያ ከዚህ በፊት ለዞን የሚያቀርበው ምርጥ ተሞክሮ ኖሮት አያውቅም። አምና ስንጠየቅ "ተሞክሮ በማሰባሰብ ላይ እንገኛለን" ብለን ጻፍን፤ ካቻምናም ያንኑ ጽፈን ነበር። ዘንድሮ ግን፣ ምስጋና ለአንድ ሰንጢ ይሁንና፣ ባዶ እጃችንን አንሄድም። እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በመሆኔ፣ እጅ ጽሑፌም ስለሚነበብ፣ ታሪኩን የማደራጀት ታላቅ ኃላፊነት ተጥሎብኛል። የከተማችንን ስም አልጠቅስም። ወልቂጤና ቡታጅራ ያሉ ባልደረቦቻችን በቅናት እንዳይታመሙ ብዬ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ሚያዝያ ውስጥ፣ "ስለት አልባ ከተማ" የተባለው ንቅናቄ በታወጀ በሦስተኛው ቀን ነው። መመሪያው አጭር ነበር፦ ከአሥር ሳንቲ ሜትር የበለጠ ስለት ይዞ በከተማው ክልል ሲንቀሳቀስ የተገኘ ሰው ይጠየቃል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አንድም ስለት አልተያዘም። ይህ የሚያሳየው ከተማው ሰላም መሆኑን ሳይሆን ፍተሻው መላላቱን እንደሆነ የጣቢያችን ኃላፊ ዋና ኢንስፔክተር አስረስ በማለዳው ሰልፍ ላይ በጥልቀት አብራሩልን። ገባን። በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ረዳት ሳጅን ስምዖን ከቡታጅራ የመጣ ሚኒባስ አስቆመ፤ ተሳፋሪውን በሙሉ አወረደና ኪስ በኪስ ፈተሸ። ጋሽ ገብረወልድን ያገኘውም ያን ጊዜ ነው።

ጋሽ ገብረወልድ ስድሳን የተጠጉ፣ ከመሬት ቀና ብለው የማያወሩ ትሑት ሰው ናቸው። በብብታቸው በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለሉ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ይዘዋል። በኮታቸው ኪስ ውስጥ ደግሞ ሰንጢው ነበር።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ ስምዖን።

"ሰንጢ ነው፣ ልጄ።"

"ለምን ያዝከው?"

"ለሥራዬ። አቮካዶ አዳቅልበታለሁ።"

"አቮካዶ በማንኪያ ነው የሚበላው፣ ፋዘር።"

"የሚበላውን አይደለም፣ ችግኙን ነው። አናቱን እቆርጥና የደህናውን ዛፍ ቅርንጫፍ እሰካበታለሁ። ከዚያ አብሮ ያድጋል።"

"ዛፍ ትቆርጣለህ ማለት ነው?"

"ቆርጬ እቀጥለዋለሁ እኮ!"

"መቁረጥህን አምነሃል። የመቀጠሉን ጣቢያ ትነግራለህ።"

ጣቢያው ማስመሪያ ስላልነበረው ከጎረቤት ትምህርት ቤት በደብዳቤ ተጠየቀ። ትምህርት ቤቱም ማስመሪያውን በሸኚ ደብዳቤ ላከልን። ይህን የቅንጅት አሠራር ሳላደንቀው አላልፍም። የኤግዚቢት ክፍል ኃላፊዋ ኮንስታብል ሳሌሃ ሦስት ጊዜ ለካች፤ ሦስቱንም ጊዜ አሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር መጣ። ያቺ ትርፍ ሳንቲ ሜትር ባትኖር ጋሽ ገብረወልድ ሰላማዊ ዜጋ ሆነው ያመሹ ነበር።

ተከሳሹ መታወቂያና ዋስ አቅርበው በዚያው ቀን ተለቀቁ። ሰንጢው ግን ዋስ የሚሆነው ስላልተገኘ ታሰረ። በዋስትናው ሰነድ ላይም ጋሽ ገብረወልድ ክሱ እስኪያልቅ ድረስ ማንኛውንም ዓይነት ስለት፣ ምላጭም ቢሆን፣ በእጃቸው ላለመያዝ ፈረሙ።

"ሽንኩርቱን ለባለቤትዎ ይተዉላቸው እንግዲህ" አሉ ኢንስፔክተር አስረስ፣ ነገሩን ለማቅለል።

ጋሽ ገብረወልድ አልሳቁም። ወደ ሳሌሃ ዞር አሉ።

"ልጄ፣ ክሱ መቼ ያልቃል?"

"ቀጠሮ ይሰጥዎታል፣ አባባ።"

"አንድ ሺህ ሁለት መቶ ችግኝ አለኝ። ግንዳቸው አሁን ልክ እርሳስ ያክላል። የሚዳቀሉት እንዲህ እንዳሉ ነው። ከወፈሩ በኋላ አይሆኑም። ከእኔ ቤት ደግሞ ከእኔ በቀር የሚያውቅበት የለም።"

"ኢንሻላህ ቶሎ ያልቃል" አለች ሳሌሃ። እሷም እንዳላመነችበት ከድምፅዋ ያስታውቃል።

ሰንጢው ሥራ የጀመረው በታሰረ በማግስቱ ነው። የወረቀት ካርቶን መጣልንና የታሸገበትን ፕላስተር በጥፍራችን ብንታገለው እምቢ አለ። ንቅናቄውን በአርአያነት ለመጀመር ብለን የጣቢያችንን ቢላዋና መቀስ ሁሉ አስቀድመን አስወግደን ነበር። ሳሌሃ ግን ሥርዓት አክባሪ ናት፤ "ኤግዚቢት ዝም ብሎ አይወጣም" አለች። ይህን ማነቆ የፈታሁት እኔ ነኝ። በአንድ ቀን ውስጥ "የኤግዚቢት ጊዜያዊ መገልገያ መዝገብ" አዘጋጀሁ፤ ስም፣ ማዕረግ፣ ቀን፣ የተፈለገበት ምክንያት፣ ፊርማ። በሩም ላይ "ያለ ፊርማ ሰንጢ አይሰጥም" የሚል ማስታወቂያ ለጠፍን።

ከዚያ ወዲህ ሰንጢው ዕረፍት አልነበረውም። ፖስታ ከፈተ፣ እርሳስ ቀረጸ፣ የበር ማጠፊያ ብሎን አጠበቀ። ቅዳሜ ቅዳሜ አዋጥተን ሥጋ ስንገዛ የክትፎውን ጅማት የሚያወጣው እሱ ሆነ። "ስለት ይዞ መንቀሳቀስ ያስቀጣል" የሚለውን ባነር ስንሰቅል ጨርቁንም ገመዱንም የቆረጥነው በእሱ ነው። የታደሰው መጸዳጃ ቤታችን ሲመረቅ ከዞን የመጡት የክብር እንግዳ ሪባኑን የሚቆርጡበት ስላልነበረ ሳሌሃ ሰንጢውን በትሪ ላይ፣ በነጭ ጨርቅ አድርጋ አቀረበችላቸው። እንግዳው ሪባኑን ከቆረጡ በኋላ ሰንጢውን መመለስ ረስተው፣ እሱኑ እያወዛወዙ፣ ስለት በማኅበረሰቡ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ሃያ አምስት ደቂቃ ተናገሩ። ከፊት ወንበር የተቀመጡት በየመሃሉ ወደ ኋላ ይሉ ነበር። ሲጨርሱ ፈርመዋል።

ሲዶለዱም የጣቢያው ደረጃ ጠርዝ ላይ ይሳላል። የተጠቀመ ሁሉ ስሎ እንዲመልስ በቃል ተስማምተን ነበርና ደረጃውም ሰንጢውም አብረው ማለቅ ጀመሩ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ስምዖን የቀለም ቆርቆሮ ሲከፍትበት ጫፉ ተሰበረ። መዝገቡ ላይ በገዛ እጁ "ጫፉ በሥራ ላይ ተሰውቷል" ብሎ ጻፈ። ስብራቱ እስኪጠፋ ድረስ ሁለት ቀን ሙሉ ደረጃው ላይ ሞረደው።

ጋሽ ገብረወልድ በየሳምንቱ ሐሙስ ይመጣሉ። አይጮኹም፣ አይሳደቡም፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው "ምን ተባለ?" ይላሉ። አንድ ሐሙስ ኢንስፔክተሩ በሰንጢው ማንጎ እየላጡ ሲበሉ ደረሱባቸው።

"የኔ ነው" አሉ ጋሽ ገብረወልድ፣ ዓይናቸው ሰንጢው ላይ ቀርቶ።

"አሁን የሕግ ነው፣ አቶ ገብረወልድ።"

"ቅቤ ነክቶታል።"

"ይታጠባል። ምን ችግር አለው?"

"የተቆረጠ ችግኝ ቅባት ሲነካው ይበሰብሳል። ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራበት ለዛፍ ካልሆነ ለሌላ አንስቼው አላውቅም። ልጆቼ እንኳን አይነኩትም፤ ሚስቴም አትነካውም።"

"እንዲያውም ይደሰቱ! እዚህ ልምዱ ሰፍቷል።"

ሰውዬው ጣቶቻቸውን አጣጥፈው መሬት መሬቱን አዩ። እውነቱን ለመናገር አንጀቴን በሉት። አጠገባቸው ሄጄ ላጽናናቸው አስቤ ነበር። ግን በእጄ የያዝኩት ብርቱካን ገና ስላልተላጠ የሰንጢ ተራዬን እየጠበቅሁ ቀረሁ።

ክሱ የተሰማው ፍርድ ቤቱ ለክረምት ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐምሌ ሃያ ስምንት ነው። ኢንስፔክተር አስረስ ሰንጢውን በፖስታ፣ መዝገቡን በብብታቸው አድርገው፣ ስምዖንን፣ ሳሌሃንና እኔን አስከትለው ገቡ። ዳኛዋ ክሱን አንብበው ሲያበቁ ኤግዚቢቱ በችሎት እንዲለካ አዘዙ። የችሎቱ ጸሐፊ ለካ፤ ገልብጦም ለካ።

"ዘጠኝ ተኩል ነው፣ ክብርት ዳኛ።"

"ክሱ አሥራ አንድ ይላል" አሉ ዳኛዋ።

"ሲያዝ አሥራ አንድ ነበር" አለ ዐቃቤ ሕጉ።

"ሌላው የት ሄደ?"

ዐቃቤ ሕጉ ወደ እኛ ዞረ። ኢንስፔክተር አስረስ ይህችን ቀን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ደረታቸውን ነፍተው ተነሡ።

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ ጣቢያችን ግልጽነትንና ተጠያቂነትን ባረጋገጠ መልኩ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ መዝግቦ ይዟል። እነሆ ሰነዱ።"

እኔም ትንሽ ቀና አልኩ። መዝገቡ የእኔ ፈጠራ ነዋ!

ዳኛዋ መነጽራቸውን አስተካክለው ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። "ግንቦት ስድስት፤ ረዳት ሳጅን ስምዖን፤ የክትፎ ጅማት ለማውጣት። ግንቦት ሰባት፤ ዋና ኢንስፔክተር አስረስ፤ ለማንጎ። ግንቦት ስምንት፤ ዋና ኢንስፔክተር አስረስ፤ ለማንጎ። ግንቦት ዘጠኝ፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፤ ለብርቱካን፤ የሰዓት ማሰሪያ ለመብሳት፤ እንደገና ለብርቱካን..." ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። "በጠቅላላው ስንት ፊርማ ነው?"

"መቶ አርባ ሁለት" አለች ሳሌሃ።

"ከዚህ ውስጥ ተከሳሹ የፈረሙት ስንት ነው?"

"እሳቸው እንኳን አይፈቀድላቸውም፤ ተከሳሽ ናቸው" አሉ ኢንስፔክተሩ።

"እንግዲያው ኢንስፔክተር፣ በከተማው ክልል ከአሥር ሳንቲ ሜትር የበለጠ ስለት ይዞ መቶ አርባ ሁለት ጊዜ ሲንቀሳቀስ የነበረው ማን ነው?"

ኢንስፔክተር አስረስ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ስምዖን ጫማውን አየ። እኔ በልቤ የራሴን ፊርማዎች ስቆጥር አሥራ ዘጠኝ ላይ ስደርስ ተውኩት።

ዳኛዋ ጥቂት ጽፈው ትእዛዙን አነበቡ። መዝገቡ እንደ ማስረጃ ተይዞ ፈራሚዎቹ ላይ ምርመራ ይደረጋል። ስለቱን ማን እንዳሳጠረው ሳይጣራ በተከሳሹ ላይ ውሳኔ መስጠት ስለማይቻል ሁለቱ ጉዳዮች ተያይዘው ይታያሉ። ቀጠሮው ለጥቅምት ነው። እስከዚያ የዋስትናው ግዴታ እንዳለ ይቀጥላል፤ ሰንጢውም በጣቢያው ጥበቃ ሥር ይቆያል።

ጋሽ ገብረወልድ ብድግ አሉ። በዚያን ጊዜ ነበር ድምፃቸው ሲጮህ የሰማሁት።

"ጥቅምት? ጥቅምትማ ምን ይሠራልኛል? ጥፋተኛ ነህ በሉኝ በቃ! ጥፋተኛ ነኝ፤ አጥፍቻለሁ። ዛሬ ልሂድና የቀሩትን ላዳቅል፤ ከክረምቱ በኋላ በእግሬ መጥቼ እታሰራለሁ። ስንት ዓመት ነው? እታሰራለሁ!"

"አባት፣ ይቀመጡ" አሉ ዳኛዋ፣ ከልባቸው አዝነው። "ፍርድ ቤቱ ያላጠፉትን እንዲያምኑ አይፈቅድም። የቆመው መብትዎን ለማስከበር ነው።"

መብታቸው ተከብሮላቸው ወጡ። ከችሎቱ በር ላይ ሳሌሃ ክንዳቸውን ይዛ ደረጃውን አወረደቻቸው።

ነሐሴ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ፣ አንድ ሐሙስ ጋሽ ገብረወልድ ጣቢያ መጡ። አግዳሚው ላይ አልተቀመጡም፤ "ምን ተባለ?"ም አላሉም። በጥቁር ላስቲክ ውስጥ ያለ አንድ የአቮካዶ ችግኝ የሳሌሃ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። ግንዱ አውራ ጣት ያክላል።

"ሁሉም እንዲህ ሆነዋል" አሉ። "አንድ ሺህ ሁለት መቶው። ይሄን መዝግቢልኝ፣ ልጄ። ይሄም ማስረጃ ነው።"

ሳሌሃ ቀና ብላ ሳታያቸው መዘገበችው። ሲወጡ ችግኙን ውሃ አጠጣችው።

እነሆ ወደ መደምደሚያው ደርሻለሁ። የምርጥ ተሞክሮ ሰነድ "ከሂደቱ የተወሰደ ትምህርት" የሚል ክፍል ከሌለው ዞን አይቀበለውም። ስለዚህ ባለፈው ሰኞ በኢንስፔክተር አስረስ ሰብሳቢነት ግማሽ ቀን የፈጀ ጥልቅ ግምገማ አካሂደናል። ሁሉም ሐሳቡን በነጻነት ሰጥቷል፤ ሒስና ግለ ሒስ ተደርጓል፤ ስምዖን እስከ ማልቀስ ደርሷል። በመጨረሻም የችግሩ ሥር በሙሉ ድምፅ ተለይቷል፤ ችግሩ መዝገቡ ነው። ለዚህ የዳረገን የእኔ ቅጽ በመሆኑ የቃል ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል፤ ተገቢ ነው ብዬ ተቀብያለሁ። በበሩ ላይ የነበረውም ማስታወቂያ ተነሥቷል። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሰንጢው የምንገለገለው ሳንፈርም ነው።