ሲስተር አልጋ ያስያዙት እስስት

ሲስተር የሌሉበት ሰፈር ካለ ንገሩኝ፤ ነገውኑ እቃዬን ጭኜ እገባለሁ። አንዲት ነርስ ጡረታ ወጣች ማለት ሆስፒታሉ ተገላገለ፣ ሰፈሩ ተረኛ ሆነ ማለት ነው።

የኛዋ ሲስተር ሠላሳ አንድ ዓመት ክፍል ሰባትን ቀጥ አድርገው መርተው ከወጡ ወዲህ፣ ደረጃ ላይ ያገኙትን ሰው «እስቲ ምላስህን አውጣ» ሳይሉ አያሳልፉም። ባንክ ቤት ተሰልፈው ከፊታቸው የቆመውን ሰውዬ «ይቺን እብጠት ለሐኪም አሳይተሃል?» ብለው አንገቱን ሲዳስሱት፣ ሰውዬው ወረፋውን ጥሎ ሄዷል። ሙሽራዋን በሠርጓ ቀን «ደም ማነስ አለብሽ» ያሉትም እሳቸው ናቸው። ክርክር ብሎ ነገር የለም። «እኔ ነኝ የማውቀው!» ካሉ አለቀ፣ ደቀቀ።

ባላቸው የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። እሳቸውን አንቱ፣ እሱን አንተ የምንለው ንቀነው አይደለም፤ እዚያ ቤት ማዕረግ ያለው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ነው።

አንድ ቀን ሹፌሩ ፀጉሩን ሊስተካከል ሲሄድ፣ ሲስተርም መቀሱ በአልኮል መጠረጉን ሊቆጣጠሩ አብረው ሄዱ። መስኮቱ ሥር፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ አንድ እስስት ተቀምጧል። ደንበኛ እንዲስብ ተገዝቶ ነበር፤ ደንበኛው ሲለምደው ተረሳ። የሚያሞቀው አምፖል ከተቃጠለ ቆይቷል። ጎድኑ ይቆጠራል፣ ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ሰርጉደዋል።

«ይሄ ፍጡር ውሃ ጠምቶታል!»

«ኧረ ሲስተር፣ ሣህኑ ሙሉ ነውኮ» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ዝም በል! እኔ ነኝ የማውቀው!»

ሹፌሩ ግማሽ ጭንቅላቱ ብቻ ተስተካክሎ፣ ሣጥኑን ታቅፎ ወደ ቤት ተመለሰ።

የእንግዳው ክፍል በአንድ ሰዓት ውስጥ ዎርድ ሆነ። ፋይል ተከፈተ። ዕድሜ፦ አይታወቅም። ተጠሪ ቤተሰብ፦ ሹፌሩ። ሲስተር በየሁለት ሰዓቱ በሽተኛውን ከቅርንጫፉ ያነሱታል፣ በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኑታል፣ አፉን ከፍተው በሲሪንጅ ውሃ ያጠጡታል። ተኝቶ ካገኙት ይቀሰቅሱታል። በአምስተኛው ቀን አርባ ሁለት ግራም የነበረው ሠላሳ ስምንት ገባ፤ መልኩም እንደ ከሰል ጠቆረ።

«እየሞተብኝ ነው» አሉ ሲስተር። ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። ከትናንት ጀምሮ እህል በአፋቸው አልዞረም። ሹፌሩ ይሄን ድምፅ ከሰማ ስንት ዘመኑ! እስስቱንም ሲስተርንም ይዞ የእንስሳት ሐኪም ጋ ሄደ።

ሐኪሟ ለሲስተር ልጅ የምትሆን ናት። ፋይሉን ገልጣ ገልጣ፣ «ማነው በየሁለት ሰዓቱ የሚያነሳው?» አለች።

«እኔ ነኛ!» አሉ ሲስተር፣ ኮራ ብለው።

«እንግዲያው የሚገድለው እሱ ነው፣ እናቴ። በያዙት ቁጥር ሊበሉት የመጡ ነው የሚመስለው። ከሣህን መጠጣት አይችልበትም፤ ቅጠሉ ላይ ውሃ ይርጩለት፣ ጠብታውን ይልሳል። አምፖል ያብሩለት፣ ፌንጣ ይልቀቁለት። ከዚያ በሩን ዘግተው ይውጡ። በምንም ዓይነት እንዳይነኩት።»

ሹፌሩ ዓይኑን ጨፍኖ ያቺን የታወቀች ቃል ጠበቀ። አልመጣችም። ሲስተር መዳፋቸውን ገልብጠው አዩትና «አላወቅኩም ነበር፣ ልጄ» አሉ።

ቤት እንደገቡ የክፍሉን ቁልፍ ለሹፌሩ ሰጡት። «ብለምንህም እንዳትሰጠኝ። ባለቅስም።»

በማግስቱ ገና ቁርስ ሳይቀርብ ለመኑት። «ትንፋሹን ብቻ ቆጥሬ ልውጣ!»

«አይቻልም፣ ሲስተር።»

ሥልጣን እንዲህ እንደሚጥም ሹፌሩ አያውቅም ነበር። ጣዕሙ የቆየው ግን እስከ ምሳ ነው። ሲስተር ኮሪደሩ ላይ ወንበር አስጠግተው፣ ሥራ የፈቱ እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲቀመጡ አያቸውና፣ ሌላ ወንበር አምጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። በቀን ሁለቴ ይገባል፣ ውሃ ይረጫል፣ ወጥቶ ሪፖርት ያቀርባል።

«በላ?»

«አልበላም።» መዋሸት እንደሆነ አይሆንለትም። በሁለተኛውም ቀን አልበላም። በሦስተኛውም አልበላም።

በአራተኛው ቀን ገብቶ ቆየ። ሲወጣ ሲስተር ብድግ አሉ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«በላ!» አለ። «ምላሱን ወርውሮ ፌንጣዋን ላፍ! ደግሞ አረንጓዴ ሆኗል፣ ሲስተር፣ ጥርት ያለ አረንጓዴ!»

ስንቱን በሽተኛ ሲሸኙ ፊታቸው ያልተፈታ ሴትዮ፣ ሻርፓቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው እንደ ልጅ አለቀሱ። ሹፌሩም በሆዱ፣ ለካ እንዲህ እየሳሳሽልን ነው ስትነዘንዢን የኖርሽው፣ ብሎ ዓይኑን ጠራረገ።

ከዚያ በሩን በጥቂቱ ገርበብ አደረገላቸው። እስስቱ ከቅጠሉ ላይ ጠብታ እየላሰ፣ አንዱን ዓይኑን ወደ ፌንጣዎቹ፣ ሌላውን ወደ እነሱ አዙሯል። የሲስተር ጣቶች ተቁነጠነጡ። ሹፌሩ ሁለት እጆቻቸውን በሁለት እጁ ጥርቅም አድርጎ ያዘ።

«እንዳትነኪው ብዬ ነው» አላቸው።

«ገብቶኛል» አሉ ሲስተር።

በሩ ተዘግቶም እጃቸውን አልለቀቀም፤ እሳቸውም ልቀቀኝ አላሉም።